ተጨማሪ መረጃ፦ በክፍላችሁ ግድግዳ ላይ የማን ምስል ይሰቀል?

የሕክምና ሳይንስ ፈር ቀዳጆችን በሚያሳዩ የግድግዳ ምስሎች ላይ ሉዊ ፓስተርንና አሌክሳንደር ፍሌሚንግን አይታችሁ ይሆናል። ከእነሱ ጎን ሊሰቀሉ ከሚገባቸው ኢትዮጵያውያን አንዱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ በቢልሃርዚያ ላይ ጥናት ያካሂዱ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከላይኛው የወንዙ ክፍል ሕያው ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ቢጨምሩባቸው ሞቱ። ገዳዩ በእንዶድ ፍሬ ውስጥ የሚገኘው፣ አረፋ የሚፈጥረው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው።

ቢልሃርዚያ በጥገኛ ትል የሚመጣ በሽታ ነው። ትሉ በቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላ ወደ ውኃው ይወጣና የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። በሽታው በወንጂ የመስኖ አካባቢም ተጠንቷል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ የትሉ የሕይወት ዑደት ይቋረጣል።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም በስማቸው ይጠራል።

ሞክሩት፦ በቡድን ሆናችሁ የዶክተር አክሊሉን ምስል በካርቶን ላይ ሥሩ። ከምስሉ ሥር የቢልሃርዚያን የሕይወት ዑደት በቀስት አሳዩ፤ እንዶድ ዑደቱን የሚያቋርጥበትን ቦታ በቀይ ቀለም አመልክቱ።