ባለ አምስት ደርቡ ጎጆ

ወደ ዋኤ ሬቦ የሚሄድ እንግዳ ገና ከመንደሩ ሳይደርስ መምጣቱን ማሳወቅ አለበት። ከመንደሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለች መጠለያ የቀርከሃ ማንኳኪያ አለ፤ መንገድ መሪው እሱን ሲመታ ከታች ያሉት ሰው እየመጣ መሆኑን ይሰማሉ። እንግዳው ቁልቁለቱን ከወረደ በኋላ ፎቶ ማንሳትም ሆነ ወዲያ ወዲህ ማለት አይፈቀድለትም፤ በቀጥታ የሚገባው ወደ ትልቁ ቤት ነው። እዚያ አንድ ሽማግሌ በማንጋራይ ቋንቋ የቀደሙትን አባቶች እየጠራ የመጣውን ሰው ያስተዋውቅላቸዋል፣ ጥበቃቸውንም ይለምንለታል። ከዚያ በኋላ መጤነቱ ይቀራል፤ ከርሞ ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ የመንደሩ ልጅ ይቆጠራል።

የመንደሩ እውነተኛ ልጆች ግን በአብዛኛው እዚያ የሉም። እሱን ቆይቼ አነሳዋለሁ።

ዋኤ ሬቦ ያለችው በምሥራቅ ኢንዶኔዥያ፣ በፍሎሬስ ደሴት፣ ማንጋራይ በተባለው ግዛት ደቡባዊ ተራሮች መካከል ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ዙሪያዋን በደን በተሸፈነ ሸለቆ ውስጥ ሰባት ረጃጅም ጎጆዎች በግማሽ ክብ ቆመዋል፤ መሐላቸው ላይ ኮምፓንግ የሚባል ክብ የድንጋይ መሠዊያ አለ። ኢንዶኔዥያ ከ17,000 በላይ ደሴቶች ያሏት፣ እጅግ ብዙ የሙስሊም ሕዝብ የሚኖርባት አገር ናት። ፍሎሬስ ግን ስሟንም ክርስትናዋንም ከፖርቱጋሎች ያገኘች፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ካቶሊክ የሆነ ደሴት ነች። ካቶሊክነቱ የዋኤ ሬቦን ሰው ከአባቶቹ መናፍስት ጋር ከመነጋገር አላገደውም፤ ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ።

ስለ ጣሪያው ካነሳን፣ ጎጆው ራሱ መጀመሪያ መታወቅ አለበት። ምባሩ ኒያንግ ይባላል። ቁመቱ 15 ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳ የሚባል ነገር ከውጭ አይታይም፤ ሣርና ከዘንባባ ዓይነት ዛፍ የሚገኝ ጥቁር ቃጫ የለበሰው ጣሪያ ከጫፉ ጀምሮ እስከ መሬት ድረስ ይወርዳል። ከሩቅ ላየው የተከመረ ጭድ ይመስላል። ምስማር አያውቅም፤ ምሰሶና ማገሩ የሚታሰረው ራታን በተባለ ጠንካራ ሐረግ ነው። ምድጃው መሐል ቤት ስለሆነ ጭሱ ሽቅብ እየወጣ ክዳኑን ያጥናል፣ ሣሩን ከነፍሳትና ከእርጥበት ይጠብቃል። ጭስ ያጣ ጎጆ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ቤቱ እንዲቆይ ሰው ሊኖርበት ግድ ነው።

ውስጡ አምስት ደርብ አለው። የመጀመሪያው ሉቱር ይባላል፣ ሰው የሚኖርበት ነው፤ በትልቁ ቤት ስምንት ቤተሰብ፣ በሌሎቹ ስድስት ስድስት ቤተሰብ በየክፍሉ ያድራል። ሁለተኛው ሎቦ የዕለት ምግብና ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ሦስተኛው ሌንታር ለሚቀጥለው ዘመን የሚዘራው ዘር የሚቀመጥበት ነው። አራተኛው ሌምፓ ራኤ ዝናብ ሲጠፋ የሚበላ መጠባበቂያ እህል ይይዛል። ከሁሉ በላይ ያለው ሄካንግ ኮዴ ለአባቶች የሚቀርበው መሥዋዕት ቦታ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል፤ ከታች ወደ ላይ ሲወጡ ዛሬ፣ ከርሞ፣ ክፉ ቀን፣ ከዚያ ደግሞ የሞቱት ይመጣሉ። ዘር ከምግብ በላይ መሰቀሉም እንዲያው የመጣ አይመስለኝም፤ በራብ ጊዜ እጅ መጀመሪያ የሚዘረጋው ቅርብ ወዳለው ነገር ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2008 ከጃካርታ የመጣ ዮሪ አንታር የተባለ አርክቴክት ከጓደኞቹ ጋር ተራራውን ሲወጣ ከሰባቱ ጎጆዎች የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ። እነሱም አርጅተዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሌላ ነበር፤ ጎጆ ከመሠረቱ ሲሠራ ያየ ወጣት አልነበረም፣ ሙያው የነበረው በሽማግሌዎቹ እጅ ላይ ነበር። የአርክቴክቱ ቡድን ገንዘብ አሰባሰበ፣ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎችን አመጣ። ሠሪዎቹ ግን የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። እንጨቱ ከደናቸው ተቆረጠ፣ ወጣቱ ከአባቱ እጅ ሥር ሆኖ ማሰርና መክደን ተማረ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰባቱም ጎጆ ቆመ። በ2012 ዩኔስኮ ለእስያና ፓስፊክ ቅርስ እንክብካቤ ከሚሰጣቸው ሽልማቶች ከፍተኛውን ለዚህ ሥራ ሰጠ፤ በ2013ም ለአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች መካከል ገባ። ከሽልማቶቹ ይልቅ የእጅ ሙያው መተላለፉ ይበልጥብኛል፤ ጎጆ ዘለዓለማዊ አይደለም፣ እንደገና የሚሠራው ሰው መኖር አለበት።

ሰው ከምን ይኖራል? ከቡና። እዚህ ላይ የእኛ እጅ አለበት። ከኢትዮጵያ ደን የወጣው አረቢካ ቡና በየመን አድርጎ ሕንድ ደረሰ፤ ከሕንድ በ1696 ሆላንዶች ወደ ጃቫ ወሰዱት። የመጀመሪያው ችግኝ በጎርፍ ጠፋ፣ በ1699 የመጣው ሁለተኛው ጸደቀ፣ ከዚያም በየደሴቱ ተሠራጨ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የቡና ዋግ ተክሉን ሲጨርሰው ሆላንዶች ሮቡስታ አመጡ፤ ዛሬ በዋኤ ሬቦ ጓሮ ሁለቱም ዘር ይገኛል። በእነሱ በጋ፣ ማለትም እኛ ክረምት ስንገባ፣ ፍሬው ተለቅሞ በግቢው ላይ ይሰጣል። ሴቶች በሙቀጫ ይወቅጡታል፣ ሌላ ጊዜ ሶንግኬ የሚባለውን የማንጋራይ ጥለት ያለው ጨርቅ ይሸምናሉ። ቡናው በሰው ጀርባ ተራራውን ይወርዳል፤ በሚሸጥበት ገንዘብ የተገዛው ሩዝ ደግሞ በዚያው ጀርባ ይወጣል።

በማንጋራይ መሬት እንዴት እንደሚከፈል ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የጋራ እርሻው ሊንግኮ ይባላል፣ ክብ ነው። መሐሉ ሎዶክ ላይ እንጨት ይተከላል፤ ቱአ ቴኖ የሚባለው መሬት አካፋይ ከመሐል ወደ ዳር መስመር እየሰመረ ለየቤተሰቡ ድርሻ ይሰጣል። ድርሻው የሚለካው መሐሉ ላይ በጣት ነው። ከመሐል አንድ ጣት ተጨማሪ ያገኘ ሰው ዳር ሲደርስ ብዙ እርምጃ ያተርፋል። ከላይ ሲታይ እርሻው የሸረሪት ድር ይመስላል፤ ከሩቴንግ ከተማ ብዙ በማይርቀው ቻንቻር ይህ ቅርጽ በሩዝ ማሳ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ጌንዳንግ ኦኔ፣ ሊንግኮ ፔአንግ» ይላሉ፤ የከበሮው ቤት ከውስጥ፣ እርሻው ከውጭ እንደ ማለት ነው። ቤት የሌለው መሬት የለውም፣ መሬት የሌለውም ቤት የለውም። ይህ አባባል ወደ ከተማ የሄደውን ልጅ እንዴት እንደሚይዘው ነው እንግዲህ ጥያቄው።

ትምህርት ቤቱ ያለው ታች ነው። ልጅ ፊደል የሚቆጥርበት ዕድሜ ሲደርስ ዴንጌ ወደተባለው መንደር አካባቢ ወርዶ ኮምቦ በተባለው ሰፈር ከዘመድ ጋር ይቀመጣል፣ ትምህርት ሲዘጋ ይመለሳል። ኮምቦን የዋኤ ሬቦ መንታ ይሉታል፤ ላይ ቦታ የጠበበው፣ ልጅ የሚያስተምረውና ለመንገድ መቅረብ የፈለገው የሰፈረበት ነው። ስለዚህ በትምህርት ወራት ላይኛው መንደር የሕፃናትና የሽማግሌዎች፣ ቡና የሚለቅሙ ወላጆችና ካሜራ ያነገቡ እንግዶች ቦታ ይሆናል። ከፍ ያለ ትምህርት የፈለገ ሩቴንግ ይሄዳል፤ ሥራ የፈለገ ደግሞ በቱሪስት ወደ ተሞላው ላቡዋን ባጆ ወደብ ወይም ከዚያ አልፎ። ከዚህ አውራጃ ብዙ ወጣት ለማሌዥያ የዘንባባ ዘይት እርሻ ጉልበቱን እንደሚሸጥ ፍሎሬስ ውስጥ የማያውቅ የለም።

መንግሥት የት ነው? ዋኤ ሬቦ በራሷ ዴሳ አይደለችም። ዴሳ በኢንዶኔዥያ ዝቅተኛው የመንግሥት እርከን ነው፣ የእኛን ቀበሌ ይመስላል፤ በአገሪቱ 75,000 ያህል አሉ። በ1979 የወጣው የሱሃርቶ ዘመን ሕግ ጃቫ ላይ የተቆረጠ አንድ ልብስ ለሁሉም አለበሰ፤ በየደሴቱ የነበረው የሽማግሌ አስተዳደር ወደ ጎን ተገፋ። የ2014ቱ የዴሳ ሕግ ግን ለባሕላዊ መንደሮች እውቅና ሰጠ፣ ከ2015 ጀምሮም ከማዕከላዊ በጀት ገንዘብ ወደ ዴሳዎች እንዲወርድ አደረገ። ነዋሪው አለቃውን ይመርጣል፣ ገንዘቡ ለመንገድ፣ ለውኃ ወይም ለድልድይ ይውል እንደሆነ በስብሰባ ይከራከራል። የሚበላውም ገንዘብ አለ፤ በሙስና የተከሰሱ የዴሳ አለቆች ወሬ በኢንዶኔዥያ ጋዜጦች አዲስ አይደለም። ቢሆንም ከዋና ከተማ ለራቀ ሰው በጀቱን በስም ጠርቶ የሚጠይቅበት በር መከፈቱ ቀላል ነገር አይደለም።

መንገዱም ቀስ በቀስ እየቀረበ ነው። ድሮ ከዴንጌ ተነሥቶ ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ጉዞ ዛሬ ኦጄክ በሚሉት የኪራይ ሞተር እስከ ዋኤ ሎምባ ወንዝ ከተሄደ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ሞተሩ ግቢው ድረስ ይግባ አይግባ በሚለው ላይ ግን ሁለት ሐሳብ አለኝ። ምጥ የያዛትን ሴት በሸክም ለሚያወርድ ሰው «መንገድ ባሕል ያጠፋል» ብሎ መምከር ጥጋብ ነው። በሌላ በኩል ከእንግዳ የሚገኘው ገቢ የቆመው በዚያው ዳገት ላይ ነው፤ እንግዳ የሚከፍለው ስለደከመና ሩቅ ስለመጣ ነው። ክፍያው በመንደሩ ማኅበር በኩል በጋራ ይሰበሰባል፣ ምግቡን ሴቶች በተራ ያበስላሉ፣ እንግዶች በጎጆው ውስጥ በሰሌን ላይ በክብ ተደርድረው ያድራሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መንገድ መሪነት፣ ሸክምና ማብሰል ቡና ብቻ ለነበረው ቤት ሁለተኛ ገቢ ሆነዋል። የኮሮና ወረርሽኝ በ2020 በሩን ሲዘጋ ግን ይህ ገቢ ተቋረጠ። ቡናው ከነማሳው ባይኖር ኖሮ መከራው ሌላ በሆነ ነበር።

ኅዳር ሲገባ የፔንቲ በዓል ይከበራል፤ የእርሻው ዘመን ተዘግቶ አዲሱ የሚከፈትበት ቀን ነው። ከበሮዎቹ ከትልቁ ቤት ምሰሶ ይወርዳሉ። ወንዶች ቻቺ ይጫወታሉ፤ አንዱ የጎሽ ቆዳ ጅራፍ ይዞ ይመታል፣ ሌላው በጎሽ ቆዳ ጋሻ ይመክታል፣ ተራው ሲደርስ ይለዋወጣሉ። ከኮምቦ ልጆቹ ይመጣሉ፣ ከሩቴንግ ተማሪው ይመጣል፣ ከላቡዋን ባጆ ፈቃድ ያገኘ የሆቴል ሠራተኛ ይመጣል። የቀርከሃውን ማንኳኪያ መምታት አይጠበቅባቸውም።