ድግሱ እንዲያምር ደጋሿም ትቀመጥ

ጥር ሲመጣ በየሰፈሩ ዳስ ይጣላል። ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ የመኪና ጡሩንባና የሆታ ድምፅ አይቋረጥም። ፋሲካ አልፎ ሚያዝያ ሲመጣም እንደዚሁ ነው። ለመሆኑ እኅቶች፣ ከተጠራችሁባቸው ድግሶች መካከል ዓመት ቆይቶ ትዝ የሚላችሁ የትኛው ነው? መብራቱ የበዛው ነው ወይስ ምግቡ የተትረፈረፈው? ደግሞስ የሙሽራዪቱ እናት በዚያ ቀን የት እንደነበረች ታስታውሳላችሁ? ብዙውን ጊዜ ጓዳ ነበረች። ልጇ ስትሞሸር ያየችው በኋላ በፎቶግራፍ ነው። እንግዳው ተሸኝቶ ዳሱ ሲፈርስም ዕዳው ከእርሷ ጋር ይቀራል።

በዛሬው ጽሑፋችን የምናወሳው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ድግስ የሚታወስ ሆኖ፣ ደጋሿም ሳትጎዳ፣ እንዴት ሊሰናዳ እንደሚችል ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ድግስ ማሰናዳት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። አዳራሽ የሚያስጌጡ፣ ምግብ የሚያቀርቡ፣ ሁሉንም አጠቃለው በኃላፊነት የሚይዙ ባለሙያዎች አሉ። እነዚህ ባለሙያዎች አስቀድመው የሚጠይቁት የድግሱ ጭብጥ ምን እንዲሆን እንደተፈለገ ነው። ጭብጥ ሲሉም ምግቡን፣ ልብሱን፣ ጌጡንና ጨዋታውን በአንድ ሐሳብ ማያያዝ ማለታቸው ነው። ነገሩ ከውጭ የመጣ ይመስላል። ይሁን እንጂ ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ ብንሄድ ስሙ ባይኖርም ሥራው ከጥንት ጀምሮ ያለ መሆኑን እንረዳለን።

መንዝ ብርዳም ደጋ ነው። መሐል ሜዳና አካባቢው ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ውርጩን የሚችለው ዋናው እህል ገብስ ነው። ከገብስ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ጠላው፣ አረቄው፣ ቆሎው፣ በሶውና ጭኮው ይወጣል። በጉ ለሥጋ ይታረዳል፤ ጠጉሩ በሴቶች እጅ ተፈትሎ ባናና በርኖስ ይሆናል። ከጓሳ የሚታጨደው ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይውላል። ወደ መርሐ ቤቴ ሲዘለቅ ግን፣ ከዓለም ከተማ ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆ በሚወርደው አገር፣ ማሽላውና ጤፉ ይበዛል። የድግሱ እንጀራና ጠላም እንደዚያው መልኩን ይለውጣል።

እንግዲህ የመንዝ ድግስ ጭብጡ ገብስና በግ ነው ብንል አላበዛንም። ማንም ቁጭ ብሎ የፈለሰፈው አይደለም፤ አገሩ የሰጠው ነው። እንግዳው ከባናው ላይ ተቀምጦ፣ የገብሱን ጠላ እየጠጣ፣ የት አገርና የማን ቤት እንደመጣ ሳይነገረው ያውቃል። ድግስን የማይረሳ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው የደጋው ሙያ ጊዜን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። "ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" የሚለው ተረት የተነገረው ቀኑን ላላሰበ ደጋሽ ነው። ለሠርግ የሚሆን ጠላ በአንድ ሌሊት አይደርስም። ገብሱ ተነክሮ፣ በቅሎ፣ ደርቆና ተፈጭቶ ብቅል እስኪሆን ቀናት ይወስዳል። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ከዚያ ይደፈደፋል፤ በመጨረሻ ይጠለላል። በብርድ አገር ደግሞ ሁሉም ይዘገያል። ስለዚህ ባለሙያዋ ሴት የሠርጉ ቀን እንደተቆረጠ ጣቶቿን አጥፋ፣ በርበሬው መቼ እንደሚቀነጠስ፣ ቅቤው መቼ እንደሚነጠር፣ ብቅሉ መቼ እንደሚነከር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ትቆጥራለች። የዛሬው ድግስ አሰናጅ በደብተር የምትይዘው መርሐ ግብር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሦስተኛው ሥራን ማካፈል ነው። በደንበኛ ድግስ አጋፋሪው እንግዳውን ተቀብሎ እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ያስቀምጣል። አሳላፊው መጠጡን ያዞራል። ወጥ ሠሪዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋና ጠላ ጠማቂዋ እያንዳንዳቸው በየድርሻቸው ይጠየቃሉ። ታሪክም ይህን ሙያ በትልቁ ያሳየናል። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከመንዝ ነው። የዚህ ቤት ልጅ የሆኑት ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ለቀናት የቆየ ታላቅ ግብር ተደርጎ ነበር። ያን ግብር ያሰናዱት ባለቤታቸው፣ ኋላ እቴጌ የተባሉት ጣይቱ ብጡል ናቸው። ያን ያህል ሕዝብ አብልቶና አጠጥቶ መሸኘት የሚቻለው እያንዳንዱ ሰው ሥራውን ለይቶ ሲያውቅ ነው።

ይህን ስንል የጥንቱ ሁሉ መልካም ነበር ማለታችን አይደለም። በገጠር የድግሱ ሸክም የሚያርፈው በሴቶች ጀርባ ላይ ነው። ውኃው ከወንዝ፣ እንጨቱ ከሜዳ የሚመጣው በእነርሱ ነው። ሊጡን የሚያቦኩት፣ ጭሱን የሚታገሡት፣ ሌሊቱን የሚያነጉት እነርሱ ናቸው። ሰው ምን ይለኛል በሚል በሬውን ሸጦ የደገሰና በማግሥቱ የሚያርስበት ያጣ ገበሬም ይኖራል። በከተማ በሬው በብድር ተተካ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ይህን ሸክም የሚያቀለው የቆየው መረዳዳት ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንደሚባለው፣ የእድራችሁ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት የተገዛው ለሐዘን ብቻ አይደለም፤ እድሩ ከፈቀደ ለደስታም ይሆናል።

አሁን ወደ ራሳችሁ ቤት እንመለስ። ጧት ሥራ ገብታ ማታ የምትወጣ እናት ልጇን ስትድር ምን ታድርግ?

በመጀመሪያ አንድ ሐሳብ ብቻ ትምረጥ፤ ሐሳቡም ከቤተሰቡ የወጣ ይሁን። ለምሳሌ የሙሽራዪቱ ወገን መንዝ ከሆነ፣ መልሱን የደጋ ቤት ማስመሰል ይቻላል። ወለሉ ላይ ቄጤማ ይጎዝጎዝ። መቀመጫው ላይ ባና ይነጠፍ። በፕላስቲክ አበባ ፋንታ የገብስ ነዶ በየማዕዘኑ ይቁም። ከምሳው በፊት ጭኮ በትንንሽ ሰሐን ይዙር። የአያት በርኖስ ከሣጥን ወጥቶ አያትዬው ይልበሱትና ይመርቁ። የማሲንቆው ድምፅ ከዚህ ጋር ሲሰማ እንግዳው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ትውልዳችሁ ከሌላ አገር ከሆነ ደግሞ የዚያን አገር ውሰዱ። የራስ ያልሆነውን መልበስ የቲያትር ልብስ እንደመከራየት ነው።

የልጆች ልደትም እንዲሁ ነው። ከውጭ የመጣ የካርቱን ሥዕል በውድ ከመግዛት፣ ልጁ የተወለደበት ወር ራሱ ጭብጥ ይሰጣችኋል። የመስከረም ልጅ አደይ አበባ አላት። የነሐሴው ልጅ ቡሄ አለው፤ ሙልሙሉ ይጋገርለት፤ የደጋ እረኞች ጅራፍ እንዴት እንደሚያጮኹ አጎቱ ያሳየው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። ካልተለበሰ ሠርግ አይሆንም የምንለው ነጭ ቬሎ በዓለም የተስፋፋው የእንግሊዝዋ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ለብሰው ካገቡ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነግሠው ነበር። ቬሎ መልበስ ነውር የለውም። ነገር ግን ግዴታ ነው በሚል ለአንድ ቀን ልብስ መበደር አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ጌጡን ከመምረጣችሁ በፊት እንግዳውን በስም ቁጠሩ። በግምት የተደገሰ ወይ ይጎድላል ወይ ይበላሻል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ ጿሚ እንግዳም ካለ፣ የጾም ገበታ ይሰናዳ። ለሙስሊም እንግዶች የሚቀርበው ሥጋ የሚያርደው ሰው፣ ድስቱና አሳላፊው አስቀድሞ ይለይ። እንግዳ ቀርቶለት ሳይሆን ታስቦለት ሲበላ የቤቱን ስም በመልካም ያነሣል።

ሦስተኛ፣ ባለሙያ ስትይዙ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ምን እንደምታቀርብ፣ በስንት ሰዓት እንደምታደርስ፣ ቢጎድል ምን እንደሚደረግ ይጻፍ። ቀብድ ስትሰጡ ደረሰኝ ተቀበሉ። ሙሉ ሒሳቡ ሥራው ሳያልቅ አይከፈል።

በዚህ ሙያ ለመተዳደር ለምታስቡ እኅቶችም አንድ ቃል አለን። ደንበኛችሁ ከአቅሟ በላይ ስትጠይቅ እሺ ማለት ለዛሬ ገንዘብ ያስገኛል፤ አቅሟን አይታችሁ ይህ ይቅር ያላችኋት እናት ግን ሌሎች አሥር ደንበኞች ይዛላችሁ ትመጣለች። ባናውንና ሞሰቡን ስትገዙ ለፈታይዋና ለሰፊዋ ተገቢውን ዋጋ ክፈሉ። ጋጋሪዋና ዕቃ አጣቢዋ ከእንግዳው በፊት ይብሉ፤ ደመወዛቸውንም በዕለቱ ይቀበሉ። እነርሱ እየተራቡ የተነሣ ፎቶግራፍ ምን ያምራል?

በመጨረሻም፣ ለእናቲቱ ወንበር ያዙላት። አጋፋሪ፣ አሳላፊና ወጥ ሠሪ በየቦታቸው ካሉ ከጓዳ የሚያስቀራት ምክንያት አይኖርም። ጥሩ ድግስ አሰናጅ የምትታወቀው፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ የሙሽራዪቱ እናት በአዲስ ቀሚሷ ከፊት ተቀምጣ እልል ስትል ነው።