ስለ ወንበርና ስለ ችሎት፥ ስለ ቀኝና ስለ ግራ የተጻፈ ሐተታ

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ2ኛው ምዕራፍ፥ ባለወርቅ ቀለበት ባለጸጋና ልብሱ ያደፈ ድኻ ወደ ጉባኤ በገቡ ጊዜ ባለጸጋውን አክብሮ ማስቀመጥ፥ ድኻውን ግን ማቆም ወይም ከእግር በታች ማዋል ክፉ ፍርድ እንደ ሆነ ይነግረናል። ፍርድ ያለው ስለምን ነው ቢሉ፥ ነገር ሳይሰማ፥ ምስክር ሳይጠራ፥ በመቀመጫ ብቻ ተፈርዷልና ነው። ስለዚህ የመቀመጫን ነገርና ቋንቋችን የሰጠውን ስም መርምሮ ማወቅ ለሚያስተምረውም ለሚፈርደውም ይጠቅማልና ባጭሩ እንጽፋለን።

በግዕዝ ነበረ ማለት ተቀመጠ ማለት ነው። ከእርሱም መንበር ይወጣል፤ የሚቀመጡበት ማለት ነው። አማርኛ ቃሉን በወረሰ ጊዜ መን በወ ለውጦ ወንበር አለው። ግዕዙንም አልጣለውም፤ ለከበረው ነገር ጠበቀው እንጂ፥ መንበረ ታቦት፥ መንበረ ጵጵስና፥ መንበረ መንግሥት እያለ ይጠራበታል። ጉባኤ የሚመራውም ሊቀ መንበር ይባላል፤ ይህ ስም በደርግ ዘመን የአገር መሪ መጠሪያ ሆኖ ነበር፥ ዛሬ ግን የማኅበር ሰብሳቢ ሁሉ ይጠራበታል።

ወንበር የሚለው ቃል ሦስት ነገር ይይዛል። አንደኛው ከእንጨት የተሠራው ዕቃ ነው። አንድም ሥራውና ሹመቱ ነው፤ መምህር ተማሪ ሰብስቦ ማስተማር ሲጀምር ወንበር ዘረጋ ይባላል፥ በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ መምህራን ወንበር ዘርግተው እንዳስተማሩ። አንድም ሰውየው ራሱ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ፤ ከአፈ ንጉሥ በታች ሆነው ነገር የሚሰሙት ዳኞችም ወንበር ይባሉ ነበር። ዕቃው፥ ሹመቱና ሰውየው በአንድ ስም ስለ ተጠሩ፥ ሰው ራሱን ከተቀመጠበት ለይቶ ማየት ያቅተዋል። የወንበሩን ክብር የራሱ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ጥፋቱ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ነገር ግን ሥልጣን ከእንጨቱ አለመሆኑን የአገራችን ገበሬ ያውቃል። በጢስ ዓባይ ዳር፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር፥ ሁለት ሰዎች በድንበር ወይም በከብት የተጣሉ እንደ ሆነ ሽማግሌ ተቀመጠ ይባላል። በዚያ ወንበር የለም፤ ዛፍ ጥላ ይሆናል፥ ድንጋይ መቀመጫ ይሆናል። ሆኖም መቀመጥ የሚለው ቃል ራሱ ፍርድን ያመለክታል። እንግዲህ የሚያስከብረው የተቀመጡበት ሳይሆን የተቀመጡለት ነገር ነው።

ችሎት የዳኞች ጉባኤ ስም ነው። ቃሉ ቻለ ከሚለው ይወጣል። ቻለ ማለት አንድም ተቻለው ማለት ነው፥ የመፍረድ ሥልጣን አለውና። አንድም ታገሠ፥ ተሸከመ ማለት ነው፥ የከሳሽን ጩኸት፥ የተከሳሽን ክርክር ችሎ መስማት ይገባዋልና። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ግፍ ይሆናል። ዳኞች ለመፍረድ በተቀመጡ ጊዜ ችሎቱ ተሰየመ ይባላል፤ በግዕዝ ይህ ቃል ተሾመ ማለት ነው። ሦስት ዳኞች በሚያስችሉበት ዘንድ ሰብሳቢው ከመካከል፥ ሁለቱ በቀኝና በግራ ይቀመጣሉ፤ ድምፃቸው ግን እኩል ነው።

ስለ ቀኝና ስለ ግራም ጥቂት እንበል። በአገራችን እነዚህ የማዕረግና የሥራ ስሞች ናቸው። ቀኝ አዝማች የሠራዊቱን ቀኝ፥ ግራ አዝማች ግራውን ይመራ ነበር። በቅኔ ማኅሌትም ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ አሉ፤ ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ቆሞ አንዱ ያነሣውን ሌላው ይቀበላል፥ ምስጋናው ግን አንድ ነው። በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ፍየሎች በግራ ስለ ቆሙ ግራ ሁሉ የተነቀፈ የሚመስለው ሰው አለ። እንዲህ አይደለም። በ20ኛው ምዕራፍ የዘብዴዎስ ልጆች እናት ለልጆቿ ቀኙንም ግራውንም ለክብር ለምናለችና።

ዛሬ በጋዜጣ የሚነበበው ቀኝ ዘመምና ግራ ዘመም የሚለው ስም ግን ከዚህ የመጣ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1789 ዓ.ም. በፈረንሳይ የሕዝብ ጉባኤ የንጉሡን ሥልጣን የደገፉት ከሰብሳቢው በስተቀኝ፥ የተቃወሙት በስተግራ ተቀመጡ፤ የመቀመጫው ስም የአሳብ ስም ሆኖ ቀረ። በእንግሊዝ የመንግሥቱ ወገን ከአፈ ጉባኤው በስተቀኝ፥ ተቃዋሚው በስተግራ፥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ይህም ሥርዓት ምክር ቤቱ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቅዱስ እስጢፋኖስ ጸሎት ቤት ውስጥ፥ መዘምራን በሚቀመጡበት ስፍራ ይሰበሰብ ስለ ነበረ እንደ ሆነ ይነገራል። እንደ ማኅሌታችን ሁሉ ፊት ለፊት መሆን ጠላትነት ማለት አይደለም።

በኢትዮጵያ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ቆመ፥ በ1924 ዓ.ም. ሕግ መወሰኛና ሕግ መምሪያ የሚባሉት ሁለቱ ምክር ቤቶች ተከፈቱ። በዚያን ጊዜ የመወሰኛውን ሰዎች ንጉሠ ነገሥቱ፥ የመምሪያውን መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጡ ነበር፤ ሕዝቡ ራሱ የመምሪያውን መቀመጫ መምረጥ የጀመረ ከዚያ በኋላ ነው። የቀድሞው የአደባባይ ስም ሸንጎም በ1980 ዓ.ም. ብሔራዊ ሸንጎ ተብሎ እስከ 1983 ዓ.ም. ቆየ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ54ኛው አንቀጽ የሕዝብ ተወካዮች ቍጥር ከ550 እንዳይበልጥ፥ ከነዚህም ለአናሳ ብሔረሰቦች ከ20 ያላነሰ መቀመጫ እንዲሆን ይላል። በዚህ ስፍራ መቀመጫ ማለት እንጨት አይደለም፥ የላከው ሕዝብ ድምፅ ነው እንጂ። ሰብሳቢውም አፈ ጉባኤ ይባላል፤ አፍነቱ የጉባኤው ነው፥ የራሱ አይደለም።

ከአባቶቻችን ሥርዓት አንዱን ማሰብ ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. ጢስ ዓባይን ያየው ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፥ በጎንደር ምክር በማዕረግ ታናሹ አስቀድሞ ይናገር ነበር፤ ከዚያ ወደ ታላቁ እየወጣ የንጉሡ ቃል መጨረሻ ይሆናል። የዚህ ሥርዓት ጥቅሙ ምንድን ነው ቢሉ፥ ታላቁ ቀድሞ ቢናገር ታናሹ ፈርቶ እውነቱን ይውጠዋልና ነው። መቀመጫው በማዕረግ ቢለያይም እውነት ከዝቅተኛው ስፍራ እንድትነሣ በር ተከፈተላት።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ቃል እንመለስ። ነበረ በግዕዝ ተቀመጠ ነው፤ በአማርኛ ግን ያለፈውን፥ ዛሬ የሌለውን ያመለክታል። ከፍ ባለው ስፍራ የተቀመጠ ሁሉ ነገ ነበረ ይባላል። ያን ጊዜ ወንበሩ ለሌላ ይቀራል፤ ከእርሱ ጋራ የሚሄደው ቆሞ የለመነውን ድኻ ሰምቶ እንደ ሆነ ያ ብቻ ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል።