«ተከራዩ»፦ ጥቁርና ነጭ የሚባለው የሂችኮክ ፊልም ቀለሙን ከየት አመጣው?

አንዲት ሴት አፏን ከፍታ ትጮኻለች። ድምጿ አይሰማም፤ ፊልሙ ድምፅ አልባ ነው። ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶታል፤ ከበስተኋላዋ የሚመጣው ብርሃን በጸጉሯ መካከል ሲያልፍ ጸጉሯ የሚነድ ይመስላል።

በአውሮፓውያኑ 1927 ለእይታ የበቃው የአልፍሬድ ሂችኮክ ፊልም፣ «ተከራዩ፦ የለንደን ጭጋግ ታሪክ»፣ የሚጀምረው በዚህች ሴት መገደል ነው። ራሱን «ተበቃዩ» ብሎ የሚጠራው ነፍሰ ገዳይ ዘወትር ማክሰኞ ሌሊት ይወጣል። የሚገድላቸውን ሴቶች የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው፦ ጸጉራቸው ወርቃማ ነው።

የፊልሙ ታሪክ በአንድ ቀለም ላይ የቆመ ነው ማለት ይቻላል። ካሜራው ግን ያንን ቀለም መቅረፅ አይችልም ነበር። ሂችኮክ መላ ዘየደ፤ የተዋናይቷን ጭንቅላት በመስታወት ላይ አስተኝቶ ጸጉሯን ዙሪያውን ከበተነ በኋላ ብርሃኑን ከመስታወቱ ጀርባ ለቀቀው። ተመልካቹ ቢጫ ሳያይ ወርቃማ ጸጉር አየ።

ዛሬ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ የወንጀል ፊልሞች በቀለም ተቀብተው በኢንተርኔት ማግኘት አዳጋች አይደለም። በሌላ በኩል የብሪታኒያ ፊልም ኢንስቲትዩት (ቢኤፍአይ) በ2012 አድሶ ያቀረበው «ተከራዩ» ራሱ በቀለም የተሞላ ነው። ሁለቱ በስም ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። አንዱ የነበረን ቀለም የመመለስ ሥራ ሲሆን፣ ሌላው ያልነበረን ቀለም መገመት ነው።

ሊቀር የነበረው ፊልም

ፊልሙ የተመሠረተው ደራሲዋ ማሪ ቤሎክ ላውንደስ በ1913 ባሳተመችው ልብ ወለድ ላይ ነው። ለልብ ወለዱ መነሻ የሆነው ደግሞ በ1888 በምሥራቅ ለንደን ሴቶችን የገደለውና እስከ ዛሬ ማንነቱ በእርግጠኝነት ያልታወቀው «ጃክ ዘ ሪፐር» ነው። በታሪኩ ውስጥ አንድ ዝምተኛ ወጣት ክፍል ሊከራይ ይመጣል፤ በክፍሉ የተሰቀሉትን የወርቃማ ጸጉር ሴቶች ሥዕሎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የአከራዮቹ ልጅም ጸጉሯ ወርቃማ ነው።

ሂችኮክ ጥርጣሬውን የሚያሳድገው በምስል ብቻ ነው። በጣም የሚታወሰው ቤተሰቡ ከምድር ቤት ሆኖ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ የሚታይበት ትዕይንት ነው፤ ተከራዩ ከላይ ሲንጎራደድ የጣሪያው መብራት ይወዛወዛል። ድምፁ ስለማይሰማ፣ ሂችኮክ ወለሉን ከወፍራም መስታወት አሠርቶ የሰውየውን እግር ከሥር አሳየ።

የፊልም አከፋፋዩ ኃላፊ ሲ ኤም ዉልፍ ሥራውን አልወደደውም፤ ፊልሙ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ፕሮዲዩሰሩ ማይክል ባልከን ወጣቱን አይቨር ሞንታጉን ጠርቶ አንዳንድ ትዕይንቶች እንደገና እንዲቀረፁ አስደረገ፤ በትዕይንቶች መካከል የሚገቡት የጽሑፍ ሰሌዳዎችም በብዛት ተቀነሱ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ሲታይ በተመልካችም በሃያሲም ዘንድ ተወደደ። ሂችኮክ ኋላ ላይ የእኔ የምለው የመጀመሪያ ፊልሜ ይህ ነው ብሎ ይቆጥረው ነበር። በራሱ ፊልም ውስጥ ለአፍታ ብቅ የማለት ልማዱንም የጀመረው እዚሁ ነው፤ በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ጀርባውን ለካሜራ ሰጥቶ ተቀምጧል።

ቀለሙ የት ሄደ?

በድምፅ አልባው ዘመን በርካታ ፊልሞች ሲኒማ ቤት የሚደርሱት በቀለም ተነክረው ነበር። ካሜራው የሚያወጣው ኔጋቲቭ ጥቁርና ነጭ ነው። ከእሱ የሚባዛው የማሳያ ቅጂ ግን እየተቆራረጠ በቀለም ገንዳ ውስጥ ይነከርና ተመልሶ ይቀጣጠላል። የቤት ውስጥ ትዕይንት የማር መልክ ይይዛል፤ የሌሊቱ ሰማያዊ፣ የእሳት ቃጠሎው ደግሞ ቀይ።

ይህ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። የጊዜው ፊልም በጨለማ ለመቅረፅ ብዙ ብርሃን ይጠይቅ ስለነበር የሌሊት ትዕይንቶች ብዙ ጊዜ በቀን ይቀረፁ ነበር። «አሁን መሽቷል» የሚለውን ለተመልካቹ የሚነግረው ሰማያዊው ነው። ሰማያዊው ከተወሰደ ሌባው በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ ይዞ ሲሾልክ ይታያል።

ችግሩ የተፈጠረው ቀለሙ በቅጂው ላይ እንጂ በኔጋቲቩ ላይ ባለመኖሩ ነው። የዘመኑ ፊልም የሚሠራበት ናይትሬት በቀላሉ የሚቀጣጠልና እየቆየ የሚበሰብስ ቁስ ነው። ቤተ መዛግብት ፊልሞቹን ለማትረፍ ወደማይነድ ጥሬ ፊልም ሲገለብጧቸው፣ የተገለበጡት በጥቁርና ነጭ ነበር። ታሪኩ ተረፈ፤ ቀለሙ ግን ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጡ ትውልዶች «የድሮ ፊልም ጥቁርና ነጭ ነው» ብለው ያመኑት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

«ተከራዩ»ም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። የመጀመሪያው ኔጋቲቭ አልተገኘም። ቢኤፍአይ ሥራውን ያከናወነው በእጁ ከቆዩ አሮጌ ቅጂዎች በመነሳት ነው፤ ጭረቱና እድፉ ተወግዶ፣ ቤቱ የማር መልኩን፣ በጭጋግ የተዋጠው የለንደን ሌሊትም ሰማያዊነቱን አገኘ። ሥራው በሕይወት የተረፉትን የሂችኮክን ዘጠኝ ድምፅ አልባ ፊልሞች ያቀፈ የእድሳት ፕሮጀክት አካል ነበር። አሥረኛው፣ «የተራራው ንስር»፣ እስካሁን የገባበት አልታወቀም። ዘጠኙ ፊልሞች በ2013 በዩኔስኮ የዓለም ትዝታ መርሐ ግብር በብሪታኒያ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

በ2012 ፊልሙ በለንደኑ ባርቢካን አዳራሽ ሲታይ በኒቲን ሳውኒ አዲስ ሙዚቃ ታጅቦ ነበር። ሙዚቃው ግጥም ያላቸው ዘፈኖች ስለነበሩበት ቅር የተሰኙ ተመልካቾች አልጠፉም።

ግራጫው የማይናገረው

ያልነበረን ቀለም መቀባት ግን ሌላ ጣጣ አለው። ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚመዘግበው የብርሃንን መጠን ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ግራጫ ቀይ ኮትም፣ አረንጓዴ ኮትም ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ ያገለገለው የቀድሞው ጥሬ ፊልም ደግሞ ቀይ ብርሃንን ጨርሶ አያይም ነበር፤ ቀይ ከንፈር ጥቁር፣ ሰማያዊ ሰማይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ግራጫውን ብቻ አይቶ ወደ ቀለሙ የሚመለስ መንገድ የለም።

በስልክ መተግበሪያ የአያቱን ፎቶ ቀለም አስቀብቶ የሚያውቅ አንባቢ ይህን አይስተውም። የቀሚሷ ጥለት አረንጓዴ ይሁን ቀይ መተግበሪያው የሚያውቅበት ብልሃት የለውም። ከቤተሰቡ መካከል የሚያስታውስ ሰው ካለ ግን ያውቃል።

እንደ ዲኦልዲፋይ ያሉ ከ2018 ወዲህ የመጡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች የሚሠሩት በርካታ ባለቀለም ምስሎችን ተምረው «እንዲህ ያለው ቅርፅ አብዛኛውን ጊዜ ምን ቀለም አለው?» በሚል ስሌት ነው። ሣርና ሰማይ ይሳካላቸዋል። ልብስና ግድግዳ ላይ ሲደርሱ ግን ግምታቸው ብዙ ጊዜ ወደ ቡናማ ያደላል።

በእርግጥ ግምትን በማስረጃ መደገፍ ይቻላል። ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን በ2018 የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ምስሎች ቀለም ሲቀባ የወታደሮቹን የደንብ ልብስ በእውን ካሉት ጋር እያመሳከረ ነበር። ያም ሆኖ የጃክሰን ሥራ የዜና ምስልን የተመለከተ ነው። ዳይሬክተር በብርሃንና በጥላ አስቦ ያቀናበረው የልብ ወለድ ፊልም ላይ ቀለም ሲጨመር የሚነካው ነገር ይበልጣል።

ፍርድ ቤት የደረሰው ክርክር

ይህ ክርክር የተጋጋለው በ1980ዎቹ አሜሪካ ነው። ባለሀብቱ ቴድ ተርነር በ1986 የኤምጂኤምን የፊልም ክምችት ከገዛ በኋላ የቆዩ ፊልሞችን በኮምፒውተር እያስቀባ ለቴሌቪዥን ማቅረብ ጀመረ። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ የድምፅ ዘመን ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ሲታሰብ ወደ 130 ሺህ የሚጠጋ ምስል አለው፤ ውጤቱ የደበዘዘና አንድ ወጥ ቢሆን አያስደንቅም። ዳይሬክተሩ ጆን ሂውስተን አጥብቆ ተቃወመ። «ሲቲዝን ኬን»ን ከመቀባት ያዳነው ኦርሰን ዌልስ የፈረመው ውል ነበር።

ሂውስተን በ1987 ከሞተ በኋላ ልጆቹ ክሱን ፈረንሳይ ወሰዱት። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1991 «ዘ አስፋልት ጀንግል» የተሰኘው ፊልም በቀለም ተቀብቶ መታየቱ የደራሲውን የሞራል መብት እንደሚነካ ወሰነ። አሜሪካ ግን ክልከላ ላይ አልደረሰችም፤ በ1988 የወጣው ሕግ በብሔራዊ መዝገብ የሰፈረ ፊልም ሲለወጥ መለወጡ ለተመልካች እንዲነገር ያዝ ነበር።

ዛሬም ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በ1927 የታተሙ ሥራዎች አሜሪካ ውስጥ ከጥር 2023 ጀምሮ የሕዝብ ሀብት ሆነዋል፤ እዚያ የሚኖር ማንም ሰው «ተከራዩ»ን በፈለገው ቀለም ቢቀባ የቅጂ መብት አያግደውም። በአውሮፓ ኅብረት አገራትና በብሪታኒያ ጥበቃው በዋነኝነት የሚሰላው ከባለሙያዎቹ ሞት በኋላ በ70 ዓመት ነው፤ ሂችኮክ ደግሞ ያረፈው በ1980 ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያገኘው ቅጂ የትኛው እንደሆነ መለየት የሚፈልግ ተመልካች ቀለሙ ምስሉ ላይ እንዴት እንዳረፈ ቢያይ ይበቃዋል። መላው ትዕይንት፣ ሰውም ግድግዳውም ጭጋጉም፣ አንድ ሰማያዊ ወይም አንድ የማር መልክ ከለበሰ የሚያየው የ1920ዎቹን አሠራር ነው። የአከራዮቹ ልጅ ከንፈር ቀይ፣ ጸጉሯ ቢጫ፣ የተከራዩ ኮት ደግሞ ቡናማ ሆኖ ከመጣ ግን በሂችኮክ ዘመን ያንን ቀለም ማንም አልቀባውም።