የተያዘ ዳዶ አፈታት
በማረሻ፣ በትራክተር፣ በመኪናና በውሃ ፓምፕ ላይ

ለእርሻ ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

የትራክተር ማረሻ ሥራው ካለቀ በኋላ ጭቃው ሳይራገፍለት በደጅ ወይም በመጋዘን ጥግ ቆሞ ይከርማል። የሚታወሰው በሚያዝያ ወይም በግንቦት ዝናብ ሲጥል ነው። ያን ጊዜ ያለቀውን ዲስክ ለመለወጥ ሲሞከር ዳዶው አልፈታ ይላል። ኦፕሬተሩ በመፍቻው ላይ ረዥም ቱቦ ይቀጥልና ሁለት ሰው ይንጠለጠልበታል። ከዚያ በኋላ ከሦስት አንዱ ይደርሳል። ወይ ዳዶው ይፈታል፣ ወይ ማዕዘኑ ይላጥና ክብ ይሆናል፣ ወይም ብሎኑ ይቆረጣል። ብሎኑ ከፓምፕ ወይም ከሞተር አካል ውስጥ የተተከለ ሆኖ ከተቆረጠ በግማሽ ቀን ያልቅ የነበረው ሥራ ሳምንት ይፈጃል። በመስኖ ላይ ያለ ሽንኩርት ደግሞ ሳምንት አይጠብቅም።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው የተያዘን ዳዶ ጉዳት ሳያደርሱ ለመፍታት የሚያስችለውን የአሠራር ቅደም ተከተል ነው። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ዳዶ በየመለዋወጫ ሱቁ በጥቂት ገንዘብ የሚገኝ ዕቃ ሲሆን የፓምፕ አካል ግን እንደዚያ አይገኝም። ስለዚህ አንዱ መጥፋት ካለበት የሚጠፋው ዳዶው እንዲሆን ታስቦ መጀመር አለበት። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው የዳዶውን ዋጋ ለማዳን ሲባል ነው።

ስለ ስሞቹ

በአገራችን ጋራዦች ዳዶ የሚባለው በብሎን ጥርስ ላይ የሚጠመዘዘው፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ማዕዘን ያለው ብረት ነው። ቃሉ እንደ ካቻቢቴና እንደ ሴጌቶ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጭንቅላት ያለውን ብሎን ብሎን ብቻ፣ ጭንቅላት የሌለውንና አንድ ጫፉ በማሽኑ አካል ውስጥ ገብቶ የቀረውን ደግሞ የተተከለ ብሎን እንለዋለን። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ቢቆረጥ በሌላ ይተካል፤ ሁለተኛው ቢቆረጥ ግማሹ ከውስጥ ይቀራል።

ዳዶ ለምን ይያዛል?

ብረት ውሃና አየር በአንድነት ሲያገኙት ይዝጋል። ዝገቱ ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በብሎኑና በዳዶው ጥርሶች መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት ሞልቶ ያጣብቃቸዋል። የማዳበሪያ ብናኝ የሚያርፍባቸው መዝሪያዎችና መበተኛዎች ከሌሎቹ ቀድመው ይያዛሉ፤ ማዳበሪያው ጨውነት ስላለው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባልና። አሉሚኒየምና ብረት አንድ ላይ ታስረው እርጥበት ሲያገኛቸውም እንዲሁ ይሆናል።

ዝገት ባይኖርም እንኳ የተያዘ የሚመስል ዳዶ አለ። መቆለፊያ ሽቦ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ ሽቦው ሳይወጣ መታገል ከንቱ ነው። ከዳዶው ውጪ የሚታየው የብሎኑ ጫፍ በመዶሻ ተመትቶ ጥርሱ ተጨፍልቆ ከሆነ በሞረድ መስተካከል አለበት። በተቃራኒ የሚጠመዘዝ ዳዶም አለ። ተራው ዳዶ ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። ነገር ግን በአንዳንድ የጭነት መኪናዎች በግራ በኩል ያሉት የጎማ ዳዶዎች ወደ ቀኝ ሲዞሩ የሚፈቱ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ በብሎኑ ጫፍ ላይ ኤል የሚለው የላቲን ፊደል ተቀርጾ ይታያል። በሚሽከረከር ዘንግ ጫፍ ላይ ያለ ዳዶም እንዲሁ ሊሆን ስለሚችል ኃይል ከመጨመር በፊት የጥርሱን አቅጣጫ አጽድቶ ማየት ይገባል። ዳዶን እፈታለሁ ብሎ ሲያጠብቅ የዋለ ሰው ጥቂት አይደለም።

የመፍቻ አመራረጥ

የዳዶ ማዕዘን የሚላጠው በአብዛኛው በማይገጥም መፍቻ ምክንያት ነው። የእንግሊዝ ሥሪት የሆኑ የቆዩ ትራክተሮች ዳዶ በኢንች የተለካ ሲሆን የማኅበሩ መፍቻ ግን በሚሊሜትር ይሆናል። ሦስት አራተኛ ኢንች 19.05 ሚሊሜትር ስለሆነ ባለ 19 መፍቻ ይሠራለታል። 9/16 ኢንች ግን 14.29 ሚሊሜትር ነው፤ ባለ 14 አይገባበትም፣ ባለ 15 ይሰፋበታል፣ ከዚያም ይላጣል። ግማሽ ኢንች 12.7 ሲሆን በባለ 13 ሊፈታ ቢችልም ለተያዘ ዳዶ አይታመንም። እንዲህ ያለ ትራክተር ያለው ማኅበር ጥቂት የኢንች መፍቻዎች ቢገዛ ወጪው በአንድ ወቅት ይመለሳል።

ለተያዘ ዳዶ ስድስት ማዕዘን ያለው ቡሶላ ከሁሉ ይሻላል፤ ባለ ቀለበት መፍቻ ይከተላል። ባለ አፍ መፍቻ ሁለት ጎን ብቻ ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። አፉ የሚጠብና የሚሰፋው መፍቻና ፒንሳ ከናካቴው አይቅረቡ።

ዘይትና ጊዜ

በመጀመሪያ ከዳዶው ውጪ የሚታየው ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። ቀጥሎ ዝገት ሰርስሮ የሚገባ ዘይት ይደረግበታል። ለዚሁ ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠው ካልተገኘ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ከጥቂት የሞተር ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ያገለግላል። አንድ እጅ የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይትና አንድ እጅ አሴቶን የሚቀላቅሉ መካኒኮችም አሉ። ጥሩ ይሠራል፤ ነገር ግን ሁለቱ ቶሎ ስለሚለያዩ በየጊዜው መወዝወዝ አለበት፤ አሴቶን ደግሞ እሳት ፈጥኖ ይይዛል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ብቻውን ወፍራም ስለሆነ አይገባም። ቤንዚን መጠቀም ክልክል ነው።

ዘይቱን ማፍሰስ ብቻውን አይበቃም፤ እንዲገባ መርዳት ያስፈልጋል። ዳዶው ወደ ላይ የሚያይ ከሆነ በዙሪያው ከጭቃ ትንሽ ግድግዳ ሠርቶ ዘይቱን ማቆር ይቻላል። ወደ ጎን የሚያይ ከሆነ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ይጠመጠምበታል። ከዚያም የዳዶው ጎኖች በቀላል መዶሻ ደጋግመው ይመታሉ። ሌላ ከባድ መዶሻ በተቃራኒው ጎን ተደግፎ ቢያዝ ምቱ ብሎኑን ሳያጣምም ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁም ዘይቱ ይገባል። ሆኖም የፓምፕ አካል አብዛኛውን ጊዜ የቀለጠ ብረት ፈስሶበት የተሠራ ስለሆነ በምት ይሰበራል። በእርሱ ላይ ያለ ዳዶ በስሱ ብቻ ይነካካ።

ይህ ሁሉ ምሽት ተሠርቶ እስከ ንጋት ቢተው ጥሩ ነው። በጣም ለዛገ ዳዶ ሁለት ሦስት ቀን ዘይቱን ጧትና ማታ እየጨመሩ መጠበቅ አይበዛም። ኦፕሬተሮች ይህን ምክር እንደማይወዱት እናውቃለን፤ ትራክተሩ ቆሞ የሚጠብቅ ገበሬ እያለ ዘይት እስኪገባ መቀመጥ ስንፍና ይመስላል። ስለዚህ የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ይህን ሥራ ዝናቡ ከመምጣቱ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት እንዲጀመር ቢያደርግ ይሻላል።

ኃይል አጠቃቀም

የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ወደ መፍታት ሳይሆን ጥቂት ወደ ማጥበቅ ቢሆን ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ዝገቱ በትንሽ ኃይል ይሰነጠቃል። ከዚያ ወደ መፍታት ይመለሳል። የመፍቻውን ጫፍ በመዶሻ አጫጭር ምት መምታት ቀስ ብሎ ከመጎተት ይልቅ ዝገትን ይለቅቃል።

ስለ ቱቦ ቅጥያ የሚከተለው ስሌት ይታወቅ። አንድ ሰው 25 ሴንቲሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ያህል ቢስብ ዳዶው ላይ የሚያርፈው 7.5 ኪሎግራም ሜትር ነው። ይኸው ሰው ቱቦ ቀጥሎ ርዝመቱን 75 ሴንቲሜትር ቢያደርሰው 22.5 ይሆናል። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ያለበት የ12 ሚሊሜትር ብሎን በትክክል ሲጠብቅ የሚፈልገው ከ8 እስከ 9 ብቻ ነው። ስለዚህ ቱቦ የቀጠለው ሰው፣ ሳይታወቀው፣ ብሎኑን ለመቁረጥ የሚበቃ ኃይል በእጁ ይዟል። ሁለት ሰው ሲንጠለጠልበትማ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

እጅ የሚነግረውን ማዳመጥም ያስፈልጋል። ዝገት ሲለቅ ይንጫጫል ወይም ጠቅ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ሊቆረጥ የደረሰ ብሎን ግን ድምፅ ሳይሰጥ እንደ ጎማ ይለመጣል፤ መፍቻው ይዞራል፣ ዳዶው ግን በብሎኑ ላይ አይንቀሳቀስም። ይህ ከተሰማ ወዲያው ቆሞ ወደ ዘይቱ መመለስ ይገባል። ዳዶው ሩብ ዙር ከዞረም በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አይቸኮል። ወደ ኋላ እየመለሱ፣ ዘይት እየጨመሩ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሉ ማውጣት ነው።

መፍቻው ወደ ራስ ይሳባል እንጂ አይገፋም። መግፋት ግድ ከሆነ ጣቶች ተዘርግተው በመዳፍ ይሁን፤ መፍቻው ካመለጠ የጣት አንጓ ከማረሻው ስለት ጋር ይገናኛል። ትራክተሩ ይጥፋ፣ ማረሻው መሬት ላይ ይውረድ። የመኪና ጎማ ዳዶ መጀመሪያ የሚላላው ጎማው መሬት ላይ እያለ ነው። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ላይ ጉልበት መጠቀም ሰው ይገድላል።

ሙቀት

ዘይትና ትዕግሥት ካልበቁ ሙቀት ይሞከራል። የሚሞቀው ዳዶው ነው፤ ብሎኑ በተቻለ መጠን ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይ። የ12 ሚሊሜትር ዳዶ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ቢጨምር ቀዳዳው በመቶ አራት እጅ ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ይህ ትንሽ ቢመስልም የዝገቱን ቁርኝት ለመስበር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዳዶው ከሞቀ በኋላ መጠነኛ ሙቀት ላይ እያለ ጧፍ ወይም ሻማ ቢነካበት ሰሙ ቀልጦ በጥርሱ ውስጥ ይሳባል፤ ሲፈታም ያለሰልሰዋል።

ነገር ግን እሳት የማይነካባቸው ቦታዎች አሉ። ነፋስ ያለበት ጎማ የታሰረበትን ቸርኬ ማሞቅ ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ በአጠገቡ ያለ ሰው ይሞታል። በነዳጅ ታንከር፣ በፍሬንና በሃይድሮሊክ ቱቦ፣ በባትሪ አጠገብም እሳት አይቅረብ። በነጭ ዚንክ የተለበጠ ዳዶ ሲሞቅ የሚወጣው ጭስ ያሳምማል፤ ልባጡ በሞረድ ተነሥቶ በግልጽ ቦታ ይሠራ። ቀደም ሲል የተጨመረው ዘይት በደንብ ይጠረግ፤ ጭድና ገለባ ከአካባቢው ይነሣ፤ አንድ ሰው አሸዋ ወይም የእሳት ማጥፊያ ይዞ ይቁም። እስኪቀላ የሞቀ ብሎን ጥንካሬው ስለሚቀንስ ዳዶው ቢፈታም እንኳ ተመልሶ አይታሰርም፤ ይለወጣል።

ዳዶውን መሠዋት

ማዕዘኑ የተላጠ ወይም በሙቀት ያልተፈታ ዳዶ ይቆረጣል። በሴጌቶ ከብሎኑ ጎን ትይዩ ሆኖ ከላይ ወደ ታች ይሰነጠቅና የብሎኑ ጥርስ ሊነካ ጥቂት ሲቀር ይቆማል። ከዚያ መሮ በስንጥቁ ገብቶ አንድ ሁለት ጊዜ ሲመታ ዳዶው ይከፈታል። ብረት መቁረጫ ማሽን ሥራውን ያፋጥናል፤ ፍንጣሪው ግን በጭድ ላይ እሳት ያነሣል፤ የዐይን መከላከያ ሳይደረግም አይሞከርም። በያጅ በአቅራቢያ ካለ በተላጠው ላይ ከፍ ያለ አዲስ ዳዶ ቢበይድ በአንድ በኩል መፍቻ የሚይዘው ማዕዘን ይገኛል፣ በሌላ በኩል ደግሞ የብየዳው ሙቀት ራሱ ያላላዋል።

የተተከለ ብሎን ከአካሉ እኩል ሆኖ ከተቆረጠ ግን በማኅበሩ ግቢ ውስጥ ባለ መሰርሰሪያ መሞከሩ ይቅር። ቀዳዳው ጥቂት ካዘነበለ የፓምፑ አካል ይበላሻል። አካሉ ተፈትቶ ወደ ቶርኖ ቤት ይወሰድ። ቶርኖ ቤቱ ሩቅ ቢሆንም ይህ መንገድ ይቀርባል።

መልሶ ማሰር

ጥርሶቹ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳሉ፤ ዳዶው በጣት እስከ መጨረሻው የማይዞር ከሆነ ይለወጣል። የማረሻና የመዝሪያ ብሎኖች ጥርሳቸው ግሪስ ተቀብቶ ቢታሰር በሚመጣው ዓመት በቀላሉ ይፈታሉ። ግሪስ የተቀባ ብሎን በተመሳሳይ ጉልበት ከደረቁ ይበልጥ ስለሚወጠር በሚጠብቅበት ጊዜ ጉልበት መቀነስ ያሻል። የመኪናና የትራክተር ጎማ ዳዶዎች ግን፣ የአምራቹ መመሪያ ካላዘዘ በቀር፣ ንጹሕና ደረቅ ሆነው ይታሰራሉ፤ መኪናው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላም እንደገና ይጠብቃሉ።

በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ከባድ ነገር ሲገጥማቸው ቀድሞ እንዲቆረጥ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ብሎን አለ። ይህን ብሎን በተቆረጠ ቁጥር የሚሰለቹ ኦፕሬተሮች በጠንካራ ሲተኩት ይታያል። በሚቀጥለው ድንጋይ ላይ የሚሰበረው ዘንጉ ወይም ማርሹ ይሆናል። ስለዚህ የዚህ ብሎን ዐይነትና መለኪያ በማኅበሩ መዝገብ ተጽፎ፣ ጥቂት መለዋወጫ ከትራክተሩ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።