በዱከም አውራጃ የክረምትና የበጋ ፀሐይ ስለሚለያይበት ምክንያት

በኤውሮፓ የእርሻ መጻሕፍት በጋ ተብሎ የሚተረጐመው ወራት ሰኔ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ቀኑ የሚረዝምበት፥ ሙቀት የሚበረታበት፥ እህል የሚያፈራበት ወራት ነውና። በእኛ አገር ግን እነዚሁ ወራት ዋና ክረምት ናቸው። ስለዚህ ከውጭ አገር ቋንቋ የተተረጐመውን የእርሻ ምክር ለወረዳው የሚያስተላልፍ ሹም፥ ቃሉን ብቻ አይቶ ወራቱን ያልመረመረ እንደ ሆነ፥ ገበሬውን በሰኔ እንዲያጭድ በታኅሣሥም እንዲዘራ የመከረ ያህል ይሆናል።

ይህን ነገር ለመመርመር የዱከም አገር የተመቸ ምሳሌ ነው። ዱከም ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በየረርና በዝቋላ ተራሮች መካከል ባለው ሜዳ ላይ ይገኛል። ዛሬ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ፋብሪካ ቢበዛም፥ ዙሪያው የታወቀ የጤፍ አገር ነው። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት 9 ዲግሪ እንኳ አይሞላም።

የስንክሳር መጽሐፍ በየወሩ መጀመሪያ የቀኑን ሰዓት ሲናገር ለሰኔ 15፥ ለታኅሣሥ 9 ሰዓት ይሰጣል። መጽሐፉ ከግብጽ የመጣ ነው፤ ግብጽም ወደ ሰሜን ስለሚርቅ ልዩነቱ እዚያ ይሰፋል፤ ይሁን እንጂ በግብጽም ቢሆን እስከዚህ አይደርስም። በዱከም ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ጥቂት ያልፋል፤ አጭሩም 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። እንግዲህ በዓመቱ ውስጥ ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ክረምትንና በጋን የሚለየው የቀን ርዝመት አይደለም።

የፀሐይም ከፍታ አይደለም። በሜዳ ላይ አንድ ሜትር ዘንግ ቢተከል፥ በሰኔ 14 ቀን ቀትር ጥላው 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በታኅሣሥ 12 ቀን ግን 63 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 24 ቀን ገደማ ፀሐይ ልክ በአናት ላይ ስለምትሆን ጥላ አይገኝም። የሚያዝያውን ሁሉ ሰው በሙቀቱ ያውቀዋል፤ የነሐሴውን ግን ደመና ስለሚሸፍነው የሚያስተውለው ጥቂት ነው።

ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በታኅሣሥ 25 ቀን ገደማ ሲሆን፥ እጅግ የምትርቀው በሰኔ 26 ቀን ገደማ ነው። እነዚህም ቀኖች በባሕረ ሐሳብ በጋና ክረምት ከሚገቡበት ጋር ይገጥማሉ። የርቀቱ ልዩነት 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ይህ መገጣጠም ነው እንጂ ምክንያት አይደለም፤ በዚያው በሰኔ መጨረሻ ኤውሮፓ በሙቀት ላይ ነውና።

ምክንያቱ ደመና ነው። ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱት ነፋሳት የሚገናኙበት ዝናማም መስመር ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜን ሲወጣ፥ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት የተሸከመው ነፋስ ወደ ደጋችን ይገባል። ከደመናው በላይ ያለው የሰኔ ብርሃን ከታኅሣሡ ይበልጣል፤ ወደ ማሳው የሚደርሰው ግን በሐምሌና በነሐሴ ከሁሉ ያንሳል። በበጋ ከዐረብ አገር በኩል ደረቅ ነፋስ ሲመጣ ሰማዩ ይጠራል፤ ቀኑ ይተኵሳል፥ ሌሊቱ ግን የምድርን ሙቀት የሚከድን ደመና ስለሌለ ይበርዳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ከሐምሌው የሚበርደው ስለዚህ ነው። የአገሩ ኦሮሞም ገንና፥ ቢራ፥ ቦና፥ አርፋሳ ብሎ ዓመቱን ሲከፍል የሚመለከተው ዝናሙንና ብራውን ነው፤ በመስከረም መጨረሻ በቢሾፍቱ የሆራ ሐይቅ ዳር የሚከበረው ኢሬቻም ከክረምቱ ወደ ብራው የመሻገር ምስጋና ነው።

ይህ ለእርሻ ምን እንደሚያመጣ በኮትቻው፥ ማለት ውኃ በሚያቍረው ጥቁር ዋልካ ላይ ይታያል። ጤፍ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ በከብት በተረገጠው ጭቃ ላይ ይዘራል፤ በነሐሴ ይለመልማል፤ ቀኑና ሌሊቱ በሚተካከልበት በመስከረም ያብባል። ፍሬውን የሚሞላው ግን የጥቅምት ፀሐይ ነው፤ ይኸውም አፈሩ ውስጥ በቀረው የክረምት ውኃ ነው። ሽምብራማ ጨርሶ ክረምቱን አይፈልግም፤ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ተዘርቶ በቀረው እርጥበትና በብራው ብርሃን ብቻ ይኖራል።

እንግዲህ በነሐሴ ማሳውን በፈረስ ወይም በመኪና አልፎ አረንጓዴውን አይቶ ምርት የሚገምት ሹም ገና ያልመጣውን ፀሐይ ይገምታል። አሥራት በሚሰፈርበት ዘመን እንዲህ ያለው ግምት በገበሬው ላይ ዕዳ ይሆን ነበር፤ ዛሬም ለእህል ክምችትና ለርዳታ ዝግጅት ያው ስሕተት ይደርሳል። በ2007 ዓ.ም. የፓስፊክ ውቅያኖስ ሞቆ፥ ኤል ኒኞ የሚሉት በመነሣቱ የክረምቱ ዝናም በብዙ አውራጃ ጐደለ፤ በተከታዩም ዓመት ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ርዳታ ፈለገ። ዝናሙ ዘግይቶ ጀምሮ ቀድሞ ባቆመበት አገር፥ ቡቃያው ለጊዜው ቢያምርም ለጥቅምት ፀሐይ የሚሆን ውኃ በአፈሩ አልቀረለትም። ስለዚህ ግምት የሚጻፈው በመስከረም መጨረሻ አፈሩን አንድ ክንድ ያህል አስቈፍሮ እርጥበቱን በእጅ ከዳሰሱ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

የሽምብራው መዝሪያም ሳምንት አጭር ነው። ብራው ከገባ ኮትቻው በጥቂት ቀን ይደርቃል፥ ይሰነጠቃልም፤ ከዚያ ወዲያ የተዘራው ዘር አይበቅልም። በዚያ ሳምንት ገበሬውን ለስብሰባ ወይም ለመንገድ ሥራ የሚጠራ ወረዳ የዓመቱን ሽምብራ ያስቀራል፤ ያው ጥሪ ወደ የካቲት ቢተላለፍ ግን አውድማው ተጠርጎ ስለሚገኝ ሁሉም ይመጣል።