ያደረ ሥጋ

ቡታጅራ ተቀምጦ «ሥጋ አይስማማኝም» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ተናጋሪዋ ምራት ስትሆን ደግሞ ይብሳል። እኔ የወልቂጤ ልጅ ነኝ፤ ቡታጅራ የመጣሁት በትዳር ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አማቴ በክትፎ አይታሙም። ቅቤያቸውን በኮሰረትና በኮረሪማ አንጥረው፣ ሥጋውን በገዛ እጃቸው በቢላዋ ከትፈው ነው የሚያቀርቡት። በማሽን የተፈጨ ሥጋ እሳቸው ዘንድ ክትፎ አይባልም። እንግዲህ እንዲህ ባለ ማዕድ ላይ ተቀምጬ እጄን ስሰበስብ የቤቱ ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

ለነገሩ እኔን የሚያመኝ ክትፎው አይደለም። ከልኳንዳ እንደመጣ ተከትፎ በጣባ የቀረበልኝን ብበላ ምንም አልሆንም። ከማታ የተረፈው በማግስቱ ተለብልቦ ሲመጣ ነው ጉዱ። ገና እጄን ሳልታጠብ ፊቴ ይቀላል፣ ጆሮዬ ይግላል፣ አፍንጫዬ ይዘጋል። ቆይቶ አንገቴና ደረቴ ላይ ሽፍታ ይወጣና ያሳክከኛል፤ ልቤ ድው ድው ይላል፤ ሆዴ ይነፋል። ማታ ራሴን ሲፈልጠኝ ያመሻል። በማግስቱ ግን ምንም እንዳልነበረ ሰው ተነስቼ ክፍል እገባለሁ።

ምልክቱ ብዙ ስለሆነ የተሰጠውም ስም ብዙ ነው። ጎረቤቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ሰጠችኝ። አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ አለኝ፣ ሌላው ጨጓራ፣ ሌላው ደግሞ አለርጂ ብሎ የሚያስተኛ ክኒን አዘዘልኝ። አዲስ አበባ ያየኝ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው በመጀመሪያ «ምን በላሽ?» ማለቱን ትቶ «የበላሽው መቼ የተሠራ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ። የሂስታሚን አለመቻል የሚባል ነገር እንዳለም የነገረኝ እሱ ነው።

ሂስታሚን መርዝ አይደለም፤ ሁላችንም ሰውነት ውስጥ አለ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴልና ባልደረቦቹ ሥራውን ማጥናት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ነው። ጨጓራ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል፣ አንጎልን ነቅቶ እንዲቆይ ያግዛል፤ ቢምቢ ስትነድፈን ቆዳችንን የሚያሳብጠውና የሚያሳክከውም እሱ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው የማይስማማው ነገር ሲያገኘው በገዛ ሕዋሳቱ ውስጥ ተከማችቶ የቆየው ሂስታሚን ይለቀቃል። በእኔ ዓይነቱ ሰው ላይ ግን ሂስታሚኑ ከውጭ፣ ከምግቡ ጋር አብሮ ነው የሚገባው። ምልክቱ ስለሚመሳሰል ነው ሁለቱን መለየት የሚያስቸግረው።

ቡታጅራ ለዚህ ንጥረ ነገር እንግዳ አይደለችም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1986 እዚህ የገጠር ጤና ፕሮግራም መሥርቶ ነበር። በዚሁ አካባቢ ከሐምሌ 2005 እስከ የካቲት 2006 (እ.ኤ.አ.) 1,065 ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው፣ ልጆቻቸው ሲያድጉ አስም፣ የቆዳ አለርጂ፣ የሆድ ትላትልና የጨጓራ ባክቴሪያ ተያያዥ መሆን አለመሆናቸው ተጠንቷል። ልጆቹ ክንድ ላይ ከአቧራ ነፍሳትና ከበረሮ የተቀመመ ፈሳሽ እየተንጠባጠበ በመርፌ ጫፍ ይነካካ ነበር። በእንዲህ ያለ ምርመራ አንዷ ጠብታ ሁልጊዜ ሂስታሚን ናት። ሂስታሚን የማንንም ቆዳ ስለሚያሳብጥ፣ እሷ ያረፈችበት ቦታ ካላበጠ የሌላውም ውጤት አይታመንም። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው «ታዲያ ቲቸር፣ ለአንቺም እሱን ይሥሩልሽ» ይሉኛል። እኔን አይረዳኝም፤ ያ ምርመራ አለርጂን እንጂ የእኔን ችግር አያሳይም።

ከምግብ የገባውን ሂስታሚን በዋናነት የሚሰባብረው የትንሹ አንጀት ግድግዳ የሚያመርተው ዳያሚን ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ሲያሳጥሩት ዳኦ ይሉታል። የመናኸሪያችን ተራ አስከባሪ በአዘቦት ቀን ሚኒባሱን ሁሉ ብቻውን ያስተናግዳል፤ የገበያ ቀን ግን ቢጮህም የሚሰማው የለም፣ ሰልፉ አጥሩን አልፎ አስፋልት ይወጣል። ዳኦም እንደዚሁ ነው። አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው ኢንዛይሙ ያንሰዋል፤ ሌላው አንጀቱ በሕመም ተጎድቶ ወይም በሚወስደው መድኃኒት ምክንያት ያንሰዋል። አልኮልም ሥራውን ያውክበታል። ልጄን አርግዤ ሳለሁ ግን የፈለግሁትን ስበላ ከርሜ ምንም አልሆንኩም። አማቴ ይህን የእሳቸው አጥሚትና ገንፎ ውጤት ያደርጉታል። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ከሆነ የእንግዴ ልጁ ዳኦን በብዛት ስለሚያመርት ነው። አራስ ቤት ሳለሁ ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ጉዳዩ የመጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በቪየና 10 ጤነኛ ሴቶች 75 ሚሊ ግራም ሂስታሚን እንዲጠጡ ተደርጎ 5ቱ ላይ ምልክት ታይቷል። ጤነኛ ሆነው ነው እንግዲህ። ስለዚህ በእኔና በሌላው ሰው መካከል ያለው ልዩነት እኔን ጥቂቱም የሚበቃኝ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ሂስታሚን ሥጋው ውስጥ ከየት መጣ? ፕሮቲን ውስጥ ሂስቲዲን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ፤ ባክቴሪያ ይህንን ወደ ሂስታሚን ይለውጠዋል። አሁን የታረደ ጤነኛ ሰንጋ ሥጋ ላይ ያለው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሥጋው ሞቅ ባለ ጓዳ ባደረ ቁጥር ግን እየጨመረ ይሄዳል። ሽታው ሳይለወጥ፣ ቀለሙ ሳይጠቁር ሂስታሚኑ ሊበዛ ይችላል፤ ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። ማብሰል ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ሂስታሚኑን አያጠፋም፣ ሙቀት አይበግረውም። ፍሪጅም ሥራውን ያዘገያል እንጂ የተሠራውን አይመልስም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ፍሪጁ ከቁም ሣጥን አይሻልም። በዓለም ላይ የታወቀው የሂስታሚን መመረዝ የቱናና የመሰሎቹ የባሕር ዓሦች ነው፤ ሥጋቸው በሂስቲዲን የበለጸገ ነውና። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ በአንድ ኪሎ ዓሣ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይገኝ የሚከለክለው። በየሱቁ ያለው የቆርቆሮ ቱናም ከመታሸጉ በፊት ሂስታሚን ከያዘ፣ መታሸጉ አይፈውሰውም።

ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ቆጮን ነው። ጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ወራት የኖረ፣ የኮመጠጠ ነገር ነዋ! እኔም ሐኪሙ የነገረኝን ይዤ ስመለስ ቆጮን ተሰናብቼ ነበር የገባሁት። ግን እናስበው። ቆጮ ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ በጣም ጥቂት ነው፤ ሂስታሚን ደግሞ ከፕሮቲን እንጂ ከስታርች አይሠራም። ንጥር ቅቤም ቢሆን ሲነጠር ፕሮቲኑ ከሥር ዘቅጦ ይወጣለታል። ከምጣድ የወረደ ቆጮ ከጎመንና ከዕለት አይብ ጋር እስከዛሬ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። አይቡ ከሰነባበተ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ፕሮቲን ነው።

ይህን የማነሳው ሐኪሙ ጋ ካገኘሁት የውጭ አገር የክልክል ምግቦች ዝርዝር ጋር ስለተጣላሁ ነው። ቀይ ወይን፣ ሳላሚ፣ ፓርሜዛን፣ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን እያለ ይቀጥላል። ግማሹን በዓይኔም አይቼው አላውቅም። ቋንጣ የለበትም፣ አዋዜ የለበትም፣ ለመስቀል ታርዶ ለሳምንት የሚበላ ሥጋ የለበትም። ከዚያ ይልቅ የጠቀመኝ ደብተር ነው። ምን እንደበላሁ ብቻ አልጻፍኩም፤ መቼ እንደታረደ፣ መቼ እንደተሠራ፣ ምን ክኒን እንደወሰድኩ፣ የወር አበባዬ መቼ እንደሆነ ጭምር ጻፍኩ። ለጥቂት ሳምንታት የሚጠረጠረውን ሁሉ ተውኩና፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለስኩ አየሁት። ቲማቲም ተመለሰ፣ አቮካዶም ተመለሰ። ቋንጣና የቆርቆሮ ቱና በዚያው ቀሩ። ይህ የመመለሱ ሥራ ካልተሠራ መተዉ ብቻውን ጉዳት ነው፤ ሁሉን እየፈሩ ስድስት ነገር ብቻ እየበሉ ከሲታ የሆኑ ሰዎች አሉ።

ሚጥሚጣና በርበሬ ለብቻቸው ይነገሩ። እኛ የማረቆ በርበሬ ጎረቤቶች ነን፤ ወጡ ሲቀርብ አፍንጫው የማይፈስ፣ ግንባሩ የማያልበው የለም። ያ ሂስታሚን አይደለም፤ ማቃጠሉ ነርቭን ስለሚቀሰቅስ ነው፣ እንባውን ጠርገው ሲጨርሱ ያልፋል። ደብተሬ ላይ ሁለቱን የለየሁበት መንገድ ቀላል ነው፤ የሚጥሚጣው ሽፍታ አያመጣም፣ ማታም ራስ አይፈልጥም።

መድኃኒቱን በተመለከተ አንባቢ ልብ ይበል። ዳኦን ያዳክማሉ ከሚባሉት ውስጥ የጨጓራው ሲሜቲዲን፣ ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለወባ የሚታዘዘው ክሎሮኪንና ኦግመንቲን ውስጥ ያለው ክላቩላኒክ አሲድ ይገኙበታል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶኒያዚድም አለ፤ እሱን እየወሰዱ ቱና የበሉ ሰዎች ፊታቸው ቀልቶ፣ ልባቸው እየመታ ሐኪም ቤት መሄዳቸው በሕክምና መጻሕፍት የታወቀ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚተወው ዓሣው ነው! የነቀርሳ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚያቋርጥ ሰው ከሽፍታ የባሰ ነገር ይጠብቀዋል።

ሴትሪዚንና ሎራታዲን የመሳሰሉት ክኒኖች ሂስታሚን የሚያርፍበትን በር ይዘጋሉ፣ ሂስታሚኑን ግን አያጠፉትም፤ ለክፉ ቀን ይጠቅማሉ። ውጭ አገር ዳኦ ራሱ በእንክብል ይሸጣል። አንድ ዘመዴ ከዱባይ ልትልክልኝ ፈልጋ ከምን እንደሚሠራ አነበብኩላት፤ ከአሳማ ኩላሊት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይነካበት ከተማ ነገሩ እዚያው ላይ ተዘጋ። ከአተር በቆልት የሚሠራም አለ። ግን በቆልት ስላልን ቀቅሎ መብላት ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ ሲቀቀል ኢንዛይሙ ይሞታል።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። ይህ ችግር በሳይንቲስቶች መካከል የሚያከራክር ነው። በደም ውስጥ ያለውን ዳኦ የሚለካ ምርመራ ቢኖርም ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም። የሂስታሚን ችግር አለብን ያሉ ሰዎች ሳያውቁት ሂስታሚን ተሰጥቷቸው ሲፈተሹም ምላሻቸው ወጥ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ይህን ያነበበ ሁሉ «እኔም ይሄ ነው ያለብኝ» ብሎ ባይነሳ ደስ ይለኛል። የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ጃርዲያ፣ ወተት አለመስማማት፣ እውነተኛ የምግብ አለርጂ ቀድመው መጣራት አለባቸው። ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ጉሮሮ ከተዘጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰው ራሱን ከሳተ ደግሞ ደብተርም ዳማከሴም አያስፈልግም፤ በቶሎ ሆስፒታል ነው፣ አድሬናሊን የሚሰጠው እዚያ ነው።

ከባዱ የቀረው ነገር ሰው ነው። «ያደረ አትበላም፣ አስተማሪ ሆና ኮራች» ተብያለሁ። ባለቤቴ መሐል ሆኖ ሲጨነቅ ከረመ። በመጨረሻ ነገሩን የፈቱት አማቴ ራሳቸው ናቸው። መስቀል ሲደርስ ሰንጋው እንደታረደ የእኔን ድርሻ ለይተው ያን ዕለት ይከትፉልኛል፤ የቀረውን ገና ትኩስ ሳለ በትንንሹ ቆራርጠው፣ እያንዳንዱን በየላስቲኩ ቋጥረው በረዶ ቤት ያስገቡታል። አንዱ ሲወጣ የዚያኑ ዕለት ይበላል እንጂ ተመልሶ አይገባም። ይህን ሥርዓት አሁን ለቤተሰቡ በሙሉ አድርገውታል፣ ሐሳቡም የእሳቸው እንደሆነ ነው የሚያወሩት። ይሁንላቸው።

ያልተስማማነው ጠጅ ላይ ነው። ለእኔ ብለው ብርዝ ያስቀምጣሉ፤ «ይሄ እኮ ማርና ውኃ ብቻ ነው፣ ጠጪ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መቼ እንደተበረዘ ሳልጠይቅ አልቀምስም፤ «ባለፈው እሑድ» ካሉኝ ብርሌውን ለባለቤቴ አቀብላለሁ።